በምርቃት የዘጋሁት አፍ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ትንፍሽ አላልሁም። ጾም መግደፌን ያውቃሉ። ከወንድሜ ጋር በድንበር ተኳርፈን ሁለት ፋሲካ ሳንጠያየቅ መክረማችንን ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ጠጥቼ የሰው እናት መስደቤንም ነግሬያቸው ስግደት አዝዘውኛል። ይህን ግን አልነገርኋቸውም። ለምን? ብነግራቸው «ታዲያ ይኸ ምን ኃጢአት አለበት?» ይሉኛል ብዬ ነው። ሰው አልገደልሁም፤ አልሰረቅሁም፤ በሐሰት አልማልሁም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር አንድ ሽማግሌ ቄስ እንዲመርቁ መለመን ነው። ማስመረቅ በየትኛው መጽሐፍ ኃጢአት ተብሏል?

እኔ ግን ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ያን ዕለትም አውቅ ነበር። ስለዚህ እናንተ የማታውቁኝ ሰዎች ስሙኝ። ፍረዱ ብዬ አይደለም፤ ፍርዱን ከጨረስሁት ቆየሁ።

መምህር ነኝ። የመጀመሪያ ምድቤ ከአምበር በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ በደሉ የእኔ እንጂ የትምህርት ቤቱ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ አዲስ ጫማ ተጫምቼ ሄድሁ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ ብዬ ነበር። ርእሰ መምህሩ ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና አንደኛ ክፍል መደበኝ።

መምህር ያልሆነ ሰው ይኸ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባው ይችላል። በእኛ ዘንድ አንደኛ ክፍል የሚሰጠው ወይ ለአዲስ ገቢ፣ ወይ ከርእሰ መምህሩ ጋር ለተጣላ፣ ወይ ጡረታው ለደረሰ ነው። ጎበዝ የተባለው መምህር ስምንተኛ ክፍል ይሰጠዋል፤ ስምንተኛ ክፍል ፈተና አለ፣ ውጤቱም ይታያል። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ተማረ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወድቅ ተማሪ የለም፤ ሁሉም ያልፋል። እኔም ተናደድሁ። ንዴቴን የተወጣሁት ግን በርእሰ መምህሩ ላይ አይደለም። በሰማንያ ልጆች ላይ ነው።

አልመታኋቸውም። አልተሳደብሁም። ይልቅ ደግ ነው ይሉኝ ነበር። የተወጣሁባቸው ባለማስተማር ነው።

እንዴት መሰላችሁ? ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ በዱላ እየነካሁ እላለሁ፤ ሰማንያው ባንድ ድምፅ ይመልሳል። ከሩቅ ለሚሰማው ደስ ይላል። ከወረዳ የሚመጡት ሱፐርቫይዘሮች በር ላይ ቆመው ይሰሙና «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ብለው ይሄዳሉ። ልጆቹ መጽሐፉን ገጽ በገጽ በቃላቸው ያዙት። «ላማችን ወለደች። ጥጃዋ ነጭ ናት። ወተቱን ጠጣን።» ከእንቅልፋቸው ብትቀሰቅሷቸው ይሉላችኋል። ፊደሉን ለይተው ያውቁታል ወይ? እሱን መጠየቅ አንድ በአንድ ማስቀመጥን ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ለክረምት ትምህርቴ የማነበው ነበረኝ።

ከሰማንያው አንዷ ይታይሽ ነበረች። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ ወይዘሮ እናኑ ብቻቸውን ነው የሚያሳድጓት። ቁመቷ ከዱላዬ አይበልጥም፤ ድምፅዋ ግን ከሰማንያው በላይ ይሰማል። እሷን አለቃ አደረግኋትና ዱላውን ሰጠኋት። እሷ እየነካች ትላለች፣ ክፍሉ ይመልሳል፣ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ፀሐይ እሞቃለሁ። በመንደሩ ገበያ ቀንም ዱላውን ለእሷ ትቼ ወደ ገበያ እወርዳለሁ። ስመለስ ክፍሉ እንዳለ ይጮኻል። በሰሚስተሩ መጨረሻ ካርዷ ላይ ደረጃ አንድ ብዬ ጻፍሁ። በሁለተኛው ዓመትም ደረጃ አንድ። ክፍሉን ይዤ እስከ ሦስተኛ ስለወጣሁ በሦስተኛውም ደረጃ አንድ ያልኋት እኔው ነኝ።

አላወቅሁም ነበር እንዳልል አውቄያለሁ። አንድ ቀን መጽሐፉን ስሰጣት ሳላስበው የዝናብ ትምህርት ያለበትን ገጽ ገለጥሁላት። ልጅቱ ዱላዋን ፊደሉ ላይ አድርጋ በዚያ ጥርት ባለ ድምፅ «ላማችን ወለደች» አለች። ልብ ብዬ ሳያት ድምፅዋ ይቀድማል፣ ዱላው ይከተላል። ገጹ ላይ ላም የለችም። ዝናብ ነው ያለው። ያኔ ምን አደረግሁ? ገጹን መለስሁላት። ላሟ ወዳለችበት ገለጥሁላትና «ቀጥይ» አልኋት። ያን ጊዜ ከጎኔ አስቀምጬ «ነይ እስቲ፣ ይኸ ማን ነው?» ብላት የአንድ ወር ሥራ ነበር። ገጹን መለስሁላት።

ይታይሽ ወደ አራተኛ ባለፈችበት ክረምት እናቷ ለልጃቸው ስጦታ አሰቡ። ለደረጃ አንድ ሌላው ጫማ ይገዛል፤ እሳቸው ውዳሴ ማርያም ገዙላት፣ በአማርኛ የተጻፈውን። ማለዳ ማለዳ እንድታነብላቸው ነው። እሳቸው ፊደል አይለዩም፤ ውዳሴውን ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሲሰሙት ኖረው ሐረጉን ሁሉ ያውቁታል። ልጅቱ መጽሐፉን ተቀበለች፣ ሳመች፣ ገለጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ «ላማችን ወለደች። ጥጃዋ ነጭ ናት» ብላ ጀመረች።

ይህን የነገሩኝ ወይዘሮ እናኑ ራሳቸው ናቸው። ከማደሪያዬ ደጅ መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም። እንዲያውም ሲጀምሩ ሳቅ ብለው ነበር።

«መምህር፣ እኔ መሃይም ነኝ፤ ግን ውዳሴ ማርያም ውስጥ ላም የለችም» አሉኝ።

«ደግሜ አስተምራታለሁ እማማ፣ አይዞዎት» አልሁ። እሳቸው ግን የመጡት ለሌላ ነበር። በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የወላጆች ስብሰባ አለ። ከወረዳ የሚመጣ ሰው ማኅበረሰቡ ለትምህርት ቤቱ ይቅደምልን የሚለውን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ የተመረጠው ይሠራል። ወይዘሮ እናኑ እዚያ ላይ ሊናገሩ ነው።

«ነገ እነሣና እናገራለሁ» አሉኝ። «ስምዎን አልጠራም። ሰማንያ ልጅ አንድ ሰው እንዴት አድርጎ ይያዘው? በሬም ቢሆን ሁለት ሆኖ ነው የሚያርሰው። እስከ አራተኛ ላሉት ክፍሎች አንድ መምህር ይጨመርልን፣ ልጆቹ አንድ በአንድ እየተቀመጡ ያንብቡ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይ እላለሁ። እርስዎስ ቢሆን ያርፉ የለም?»

አያችሁ? ሴትዮዋ ሊከሱኝ አልነበረም። ሊያግዙኝ ነበር። በሰማንያ ልጅ መካከል ብቻዬን መድከሜ አሳዝኗቸው፣ ሴት በማትናገርበት ስብሰባ ስለ እኔ ቆመው ሊናገሩ ነው። አልገባኝም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ በደንብ ገብቶኛል። ግን ሁለተኛ መምህር ከገባ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ካስቀመጠ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ያገኛል? ሦስት ዓመት ያስተማርኋቸው ልጆች ባዶ መሆናቸውን ያገኛል። ያን ሰሞን ደግሞ ወደ ደብረ ማርቆስ ዝውውር ጠይቄ ነበር። ፈራሁ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ፈራሁ።

እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣና ግቢው ውስጥ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከጎን። የወረዳው ሰው ተናገረ፤ ሲሚንቶ ከወረዳ፣ ድንጋይና ጉልበት ከሕዝብ፣ ምርጫው የእናንተ አለ። ወንዶቹ ወዲያው «አጥር!» አሉ። አጥር ያስፈልግ ነበር፤ አይዋሽም። ከብት እየገባ ክፍል ውስጥ ሁሉ ያድር ነበር። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ወንዝ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት የድንጋይ አጥርና የብረት በር አሠርቷል። አንዱ ሽማግሌ ተነሥተው «የእነሱ ልጆች በበር ሲገቡ የእኛ ልጆች እንደ ፍየል በየት በኩል እንደገቡ አይታወቅም!» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ሳቀም፣ ተቆጨም። ከዚያ በኋላ የቀረው ነገር ስለ ድንጋዩ ነበር፤ ማን ከየት ያምጣ የሚል።

እኔ ጸሐፊ ነበርሁ። ቃለ ጉባኤውን ይዤ ከአባ ይሁኔ ጎን ተቀምጫለሁ። አባ ይሁኔ የአገሩ ሁሉ የንስሐ አባት፣ ዓይናቸው በሞራ የተጋረደ፣ ጆሯቸውም የደከመ ቄስ ናቸው። የእኛን አገር ስብሰባ የማያውቅ ሰው አንድ ነገር ይወቅልኝ፤ ስብሰባ በእጅ ብልጫ አይዘጋም። እጅ ቢወጣም፣ ቢጻፍም፣ ቢፈረምም ገና ክፍት ነው። የሚዘጋው አባ ይሁኔ ተነሥተው ሲመርቁ ነው። ከተመረቀ በኋላ «እኔ ግን» ያለ ሰው ሐሳቡን አይደለም የሚያነሣው፤ ምርቃቱን ነው የሚመልሰው። ምርቃት የሚመልስ ሰው ደግሞ በእኛ አገር የለም።

የድንጋዩ ክርክር ረገብ ሲል ከሴቶቹ ወገን አንድ ሰው ሲነሣ አየሁ። ወይዘሮ እናኑ ነበሩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። የሚናገር ሰው እንደሚያደርገው አንድ ጊዜ ወደ መሬት አዩ። ከእኔ በቀር ማንም አላያቸውም፤ ወንዱ ገና እርስ በርሱ ያወራል።

ወደ አባ ይሁኔ ጆሮ ጠጋ አልሁና «አባ፣ ተስማምተዋል። ፀሐዩም ከረረ፤ ይመርቁንና እንነሣ» አልሁ።

አባ ይሁኔ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ሰዉ ሁሉ ተነሣ፤ ባርኔጣውም ወረደ። ወይዘሮ እናኑ ቆመው ነበርና አሁን ከቆመው ሰው አንዷ ሆኑ። አፋቸው ከፈት እንዳለ አይቻቸዋለሁ። «እግዚአብሔር ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ» አሉ አባ ይሁኔ። አሜን አለ ሕዝቡ። «አዝመራችሁን ይባርክ።» አሜን። «ልጆቻችሁን በጥበብ ያሳድግላችሁ።» እዚህ ላይ ወይዘሮ እናኑን አየኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው፣ ጎንበስ ብለው፣ «አሜን» አሉ። እሳቸውም አሜን አሉ! ምን ያድርጉ? ልጅሽን በጥበብ ያሳድግልሽ ሲባል አልቀበልም የምትል እናት ማን ናት?

ከምርቃቱ በኋላ «እኔስ አንድ ነገር…» ሲሉ ከፊታቸው የነበረው ሰው ዞር ብሎ፣ በክፋት ሳይሆን እንዲያው እንደ ደንቡ፣ «ተመርቋል እኮ!» አላቸው። ወደ እኔ አዩ። እኔ እየጻፍሁ ነበር። የጻፍሁትን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ «ጉባኤው አጥር እንዲቀድም በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ሌላ ሐሳብ ያቀረበ የለም።» ይህን የጻፈው እጄ ነው። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ያቀረበ የለም። እንዳይቀርብ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አጥሩ በበጋው ተሠራ። በየቤቱ ድንጋይ ተደልድሎ ስለነበር ወይዘሮ እናኑም የድርሻቸውን ከወንዝ እየተሸከሙ አመጡ፤ ወንድ በሌለበት ቤት ማን ያምጣላቸው? አንድ ቀን በር ላይ ተገጣጠምን። ድንጋዩ ከጀርባቸው ሳይወርድ «እንዴት ዋሉ መምህር» አሉኝ። ጎንበስ እንዳሉ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አለፍሁ። እጄን እንኳ ዘርግቼ አላገዝሁም።

ይታይሽን አራተኛ ክፍል የተቀበላት መምህር በግማሽ ዓመቱ ላይ ከደብረ ወርቅ የመጣ ጎልማሳ ነው። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ፣ ልጅ አንድ በአንድ ካላነበበ የማያምን። ገና በሁለተኛው ሳምንት «ደረጃ አንዷ ትነሣ» ብሎ አዲስ ገጽ ገለጠላት። ልጅቱ ተነሣች። ያ ሰማንያ ልጅ የሚመራ ድምፅ አልወጣ አለ። «አንብቢ» አላት። ከኋላ አንዱ «ላማችን ወለደች!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሳቁት እነማን ናቸው? እንደ እሷው ማንበብ የማይችሉት ናቸው፤ ተራቸው ስላልደረሰ ይስቃሉ። መጽሐፉን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ ወጣች፣ ግቢውን አቋርጣ በአዲሱ የብረት በር ወጣች። እኔ የመምህራን ማረፊያ መስኮት ላይ ቆሜ አይቻታለሁ። ሮጬ ልይዛት እችል ነበር። በሩ ሩቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። እናቷ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ አንድ ጊዜም እየጎተቱ እስከ በሩ አምጥተዋት ነበር አሉ። እሷ ግን «እኔ ደደብ ነኝ» ብላ ቆረጠች። በዚያው ዓመት መጨረሻ የእኔ ዝውውር ተፈቀደ። ሠራተኛው ሁሉ በግ አርዶ ሸኘኝ።

ይኸ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት ይሆነዋል። አሁንም ደብረ ማርቆስ ነው የማስተምረው፤ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ጸጉሬም ሸሽቷል። እውነቱን ልናገርና እነዚህን ሁሉ ዓመታት ሲቆጨኝ አልኖርሁም። ሰው እንዲህ ሲናዘዝ «እንቅልፍ አጥቼ» ይላል፤ እኔ ደህና ነው የተኛሁት። ነገሩን ረስቼው ነበር ብል ይሻላል።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ምዝገባ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ወጣት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ ቀረበች። ቅጹን ሞላሁላትና ፈርሚ ብዬ እስክሪብቶ ሰጠኋት። ሳቅ ብላ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። የቀለሙን ሳጥን ሳብ አድርጌ ስከፍት ትኩር ብላ አየችኝ።

«ኧረ በስመአብ! ቲቸር! አላወቁኝም? ይታይሽ ነኝ፣ ያቺ አለቃዋ!»

ድምፅዋ ያው ነው። ተርታው ላይ የቆመው ወላጅ ሁሉ ዞረ። እጄን ይዛ ሳመችኝ፤ ከዚያ ወደ ልጇ ጎንበስ ብላ «እዪያቸው፣ የእኔ አስተማሪ ናቸው! ሳሚያቸው» አለቻት። «እኔማ ምን ላርግ ቲቸር፣ ጭንቅላቴ ድፍን ሆነና ቀረሁ፤ አግብቼ እዚህ ገባሁ። እርስዎማ ምን ያላደረጉልኝ አለ? ዱላውን ሁሉ ለእኔ ነበር የሚሰጡኝ! ይቺ ግን አባቷን ነው የወጣችው፤ ጭንቅላት አላት።»

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የራሷ ጭንቅላት መስሏት ኖራለች። «አይደለም፣ ያላስተማርሁሽ እኔ ነኝ» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? አንድ ትንፋሽ ነው። እኔ ግን ምን አልሁ? «እዚህ ላይ አሳርፊው» አልሁ። ጣቷን ይዤ ቀለሙ ውስጥ ነከርሁት፤ ወረቀቱ ላይ ተጫንሁት። አመስግናኝ ሄደች። ያን ዕለት እስከ ማታ እጄን ብታጠብ ብታጠብ የቀለሙ ሐምራዊ ጥፍሬ ሥር ቀረ።

በማግስቱ ርእሰ መምህሯ ዘንድ ገብቼ አንደኛ ክፍል ስጪኝ አልኋት። እየሳቀች «ምን አጥፍተህ ነው?» አለችኝ። ቀልዷን ነው።

ጥቅምት ላይ ወደ ወይዘሮ እናኑ ሄድሁ። እስከ አምበር በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። በመንገዴ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፍሁ፤ አጥሩ ጸንቶ ቆሟል፣ አንድ ድንጋይ አልወደቀም። ወይዘሮ እናኑ ከደጃቸው ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ሸምግለዋል። አወቁኝ፤ ግባ አሉኝ፣ ቆሎ ቀረበልኝ። ስለ ይታይሽ ነገርኋቸው፤ ልጇ እኔ ዘንድ መግባቷን ሰምተው ነበር። ከዚያ የመጣሁበትን ጀመርሁ።

«እማማ፣ ያን ጊዜ ስለ አጥሩ በተሰበሰብን ዕለት፣ እርስዎ ሊናገሩ ተነሥተው ሳለ እኔ…»

እንዝርታቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን ወደ ላይ አነሡና፣ በእሑድ ጉባኤ ሰው እንደሚመርቅ ሽማግሌ ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔም ሳላስበው ተነሣሁ።

«ልጄ፣ እግዜር ያክብርህ። ልጆችህን ይባርክልህ። የልጄን ልጅ ፊደል ለማስቆጠር ያብቃህ። ይኸን ሁሉ መንገድ በእግርህ እንደመጣህ በሰላም ያግባህ።»

«አሜን» አልሁ። ምን ልበል? በየመካከሉ አሜን፣ አሜን አልሁ። ሲጨርሱ ተቀመጡ፤ እንዝርቱን አነሡ። እኔ እንደገና «ግን እማማ፣ እኔ ያን ዕለት…» ስል ቀና ብለው አዩኝ።

«ተመርቋል እኮ» አሉኝ።

ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ ወይስ ያኔ ያቀመስኋቸውን አቅምሰውኝ፣ እስካሁን አላወቅሁም። ፊታቸው ላይ ፈልጌ አጣሁት። ምናልባት ሁለቱም ነው። ቆሎውን ጨርሼ ተነሣሁ፤ እስከ አጥራቸው ሸኙኝ።

እንግዲህ ይህን ለእናንተ የምናገረው ለዚያ ነው፤ ሌላው በር ሁሉ በምርቃት ተዘግቶብኝ። ይህን የጻፍሁት ለይታይሽ ነው ብል እንዴት ባማረብኝ! ግን ውሸት ነው። ይታይሽን በየጠዋቱ በሩ ላይ አገኛታለሁ፤ ልጇን አስረክባኝ «እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር» ትለኛለች፣ እኔም «አሜን» እላለሁ። በአፌ ልነግራት እችላለሁ። በጽሑፍ ያደረግሁት እሷ ማንበብ እንደማትችል ስለማውቅ ነው። ይኸው፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላም ያው ነኝ።

ልጇ ሶልያና ትባላለች። ክፍሉ ስድሳ ልጅ ነው፤ አንድ በአንድ ከጎኔ እያስቀመጥሁ ሁሉንም ለማዳረስ ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል። ሥዕሉን በእጄ እሸፍናለሁ። የሳሙና መጠቅለያ፣ የስኳር ከረጢት፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ ያገኘሁትን አስነብባለሁ። ባለፈው ሳምንት ሶልያና በፊት አይታው የማታውቀውን ገጽ አነበበች። ቀስ ብላ ነው፣ እየተደናቀፈች። ልብ ብዬ አየሁ፤ ጣቷ ይቀድማል፣ ድምፅዋ ይከተላል። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ፤ ምክንያቱም ምን እያስተማርኋት እንደሆነ ገባኝ።

በሰኔ ካርድ ስሰጥ ይህን ወረቀት አጥፌ በሶልያና ካርድ ውስጥ አደርገዋለሁ። እቤት ስትደርስ እናቷ «ምን ይላል? አንብቢልኝ» ትላታለች። ልጅቱ ታነብላታለች፤ ቃል ሳይቀራት ታነብላታለች። በማግስቱ ይታይሽ ወደ በሩ ስትመጣ እኔ እዚያው ቆሜ እጠብቃታለሁ። የፈለገችውን ትበለኝ።

እስከዚያ ድረስ፣ እባካችሁ፣ ማንም እንዳይመርቀኝ።